የቀሩት አራት ሹፌሮች

አሥር ዓመቴ ላይ ደባርቅ ውስጥ በመኪና የሚቀድመኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ምስክሮቼ ዛሬም በሕይወት አሉ። እግሯ ፍሬን ላይ እንዴት ደረሰ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ፍሬኑ በጣት የሚጫን ነበር። መኪናዬ ቀይ ናት። መንገዴ ስሙን የማላውቀው፣ ባሕር ጠርዝ ላይ የተቆረቆረ የፈረንጅ ከተማ ነው። ከተማው ደግሞ የሚገኘው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ፀጋው ጌም ቤት ውስጥ፣ ጎኗ በፕላስተር የተጠገነች አንዲት ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ጌም ቤቱ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነበር። ፀጋው ፀሐይ ስክሪኑን እንዳትመታበት መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል፤ ስለዚህ ውስጡ በቀትርም ድንግዝግዝ ያለ ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሃያ ልጅ፣ አርባ የሸራ ጫማ። ሽታውን አትጠይቁኝ። ውጭ ረዳቶቹ «ዳባት! አምባ ጊዮርጊስ! ጎንደር! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ፣ ውስጥ የእኛ ሞተር ያጓራል፤ አንዳንዴ የትኛው መኪና የእውነት እንደሆነ ይምታታብኝ ነበር።

ሌላው ጌም ሁሉ አጥር አለው። ኳሱ ከሜዳው አይወጣም፣ ቦክሱም ከገመዱ አያልፍም። ይህኛው ግን ከተማውን እንዳለ ከፍቶ ይሰጣል። ውድድር ካላሰኘ ወደ ወደቡ ወርዶ መርከብ ማየት፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል መመልከት፣ የሰው አጥር ጥሶ ፖሊስ ማስከተል ይቻላል። ከተማውን የሚገዙት አሥር ሹፌሮች ናቸው። አንድ በአንድ የቀደማቸው ከተማውን ይወርሳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እኔም ከዚህ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያስተማረኝ ወንድሜ ድረስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲመጣ ሳየው ከሹፌሩ ይልቅ መኪናውን እሱ የሚነዳው ይመስለኛል። እሱ ግን መንዳት ነበር የሚፈልገው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ የሚከፈለውን ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ መስቀል እንዳለፈ ከጓደኛው ከገዱ ጋር ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርዱ ተስማሙ። ሊሄድ ሲል ጌም ቤት ይዞኝ ገባና የተጫወተውን የምታስቀምጠውን ሚሞሪ ሰክቶ ስሙን ከፈተ። ስድስቱን ሹፌሮች ቀድሟቸዋል። አራት ቀርተዋል።

«ስጦታ፣ እነዚህን አራቱን ላንቺ ትቻቸዋለሁ» አለኝ። «ለገና ስመጣ ጨርሰሽ ልይ። ካልጨረስሽ መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ረዳት እንኳን አላደርግሽም።»

«ብጨርስስ?»

«ብትጨርሽማ ጋቢና ትቀመጫለሽ። እንዲያውም ሊማሊሞን አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ።»

ከዚያ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አድርጎ፣ ጣቶቼን በጣቶቹ ተጭኖ፣ የሹፌሮቹን ምሥጢር ነገረኝ። «ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ነው። መታጠፊያው ውስጥ ገብተሽ ከያዝሽ አለቀልሽ።» ለፀጋውም «ይቺ ሚሞሪ የእሷ ናት፣ ማንም አይንካት» ብሎት ሄደ።

ቃል ነው፣ ቃል ደግሞ ቀላል አይደለም። ችግሩ ተራ የሚባለው ነገር ነበር። ፀጋው የካርቶን ቁራጭ ላይ የመጣውን ሁሉ በስሙ ይጽፋል፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ስሙ ባይጻፍም ይቀመጣል። የጉልበተኞቹ አለቃ ዋሴ ነበር፤ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ፂም ማብቀል የጀመረ፣ ሁለት ሰው ሲወዳደር አንድም ቀን ተሸንፎ የማያውቅ። እኔ ብቸኛዋ ሴት ልጅ ነኝ፤ ለዚያውም የደብተር ቦርሳዬን እንዳነገትኩ። ከመስቀል እስከ ኅዳር አጋማሽ አራት ጊዜ ብቻ ተቀመጥኩ፤ አራቱንም ጊዜ አራተኛው ሹፌር፣ ክንዱን የተነቀሰው፣ ድልድዩ ላይ አቧራ አልብሶኝ ሄደ። ማታ ማታ ተኝቼ የገናን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር።

በዚህ መሐል ኅዳር ሚካኤል ዕለት እናቴ የሺወርቅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ቤታችን በአንድ ጊዜ የሴቶች ሆነ። ጓዳው በመጋረጃ ተከለለ፣ ገንፎ ይገነፋል፣ የቅቤና የጤና አዳም ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ልጁ ገና ስም የለውም፤ «ማሙሽ» እንለዋለን። እኔ ማሙሽን ወደድኩት፤ የወደድኩት ግን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ነይ የሚለኝ ሰው በማጥፋቱ ነው።

ከዚያ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓለም በድንገት ተራዋን ለእኔ ለቀቀች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ጌም ቤቱ ገባሁ። ስገባ ጫጫታው ቀጥ አለ። ዋሴ አየኝ፣ ፀጋውን አየ፣ ከዚያ ተነሣ። ዋሴ ተነሣ!

«ነይ ቁጭ በይ» አለኝ።

«ስሜ አልተጻፈም እኮ» አልኩ።

«አሁን ጻፍኩሽ» አለ ፀጋው፤ እጁ ላይ ግን እስክሪቢቶም አልነበረም።

ዋሴ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሣና «እስቲ እንተያይ» አለኝ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ፣ ከላይ የእሱ ጥቁር፣ ከታች የእኔ ቀይ። ገበያውን አለፍን፣ ዋሻውን አለፍን፣ እሱ ይመራል፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዋሴ ምን እንደነካው እንጃ መኪናው ወደ ቀኝ ሸሸችና ብረቱን ገጨች። በጎኑ እልም! የመጨረሻውን መስመር ስረግጠው አግዳሚው ላይ ቆሜ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ትንሽ ቆየት ብለው፣ አንድ ሰው በክርን የጎሰማቸው ያህል። እኔ ግን ደንግጠው ነው አልኩ። ደባርቅ እንደዚህ ያለ ነገር አይታ አታውቅማ!

ዋሴን አምና ዳባት ላይ እህል ጭኖ አገኘሁት። እኔም ዛሬ ከጎንደር ወደ ስሜን ቱሪስት የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፍሬቻ እናበራለን። ሻይ ይዘን ቁጭ እንዳልን የዚያን ቀኑን ድልድይ አነሣሁበት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ሰባት ጊዜ ነው የተሸነፍኩልሽ» አለኝ። «ሰባቱንም ጊዜ አስመስሎ መሸነፍ ከማሸነፍ ይከብድ ነበር።»

ምክንያቱም ያን ሳምንት ገዱ ብቻውን ከመተማ ተመልሶ ነበር። ወንድሜ ድረስ በወባ አራት ቀን ታሞ፣ አምስተኛው ቀን ላይ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ካለው ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። አባቴን ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባታችን አባ ሀብተ ሚካኤል ቤት ጠርተው አረዱት፤ ድምፁ እንዳይወጣ ጋቢውን ነክሶ አለቀሰ። እናቴ ግን አራስ ናት። አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ እሷም ልጁም ይጠፋሉ ይባላል። ስለዚህ አባ ሀብተ ሚካኤል ለዘመዱም ለጎረቤቱም ነገሩ፤ ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ከተማው በሙሉ አፉን ያዘ። እናቴ እንዳትሰማ ከተፈለገ ደግሞ እኔ መስማት አልነበረብኝም።

እኔ ይህንን አላውቅም። እኔ የማውቀው ዋሴን ማሸነፌን ነው፤ ቤት ስደርስ መጋረጃውን ገልጬ ጓዳው ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«እምዬ! ዋሴን ቀደምኩት!»

እናቴ አርባ ቀን ከደጅ አትወጣም፤ የውጭውን ዓለም የማመጣላት እኔ ነበርኩ። ማሙሽን እያጠባች «የትኛው ዋሴ?» ትለኛለች፤ እኔም ግድግዳውን መንገድ፣ የገንፎውን ገበቴ መሪ አድርጌ ከመነሻው እስከ መድረሻው እነዳላታለሁ። ሞተሩን በአፌ፣ ፖሊሱን በጉሮሮዬ፣ መታጠፊያውን በወገቤ። እናቴ ሳቋ አይቆምም ነበር። «ልጄን አስደነገጥሽው» ትልና ደግሞ «እሺ ከዚያስ?» ትለኛለች። የድረስን መኪና ይዤ መሆኑን ስለምታውቅ የቀሩትን ሹፌሮች ቁጥር ከእኔ እኩል ትከታተላለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደጅ ስትሰማኝ ገና «ዛሬስ ማንን ቀደምሽ?» ማለት ሆነ።

ክንዱን የተነቀሰውን በማግስቱ ቀደምኩት። ሃያው ልጅ ከኋላዬ ሆኖ «ግራ! ግራ! ናይትሮ ተጫኚ፣ አስፈንጥሪያት!» እያለ ሲጮህ የራሴን ጩኸት አልሰማም። ከዚህ በፊት ጆይስቲክ ሊነጥቁኝ የሚጋፉ ልጆች ዛሬ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኹልኛል። ስወጣ ፀጋው ብስኩት ሰጠኝ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ፀጉሬን ዳበሰኝ፣ ስሟን የማላውቃት ሻይ ሻጭ ጉንጬን ሳመችና ዞር ብላ ከንፈሯን መጠጠች። የአንድ ጌም ዝና እንዲህ ፈጥኖ መናኸሪያውን ያዳርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንገቴን ቀና አድርጌ ተራመድኩ።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ብስኩቱን፣ መሳሟን፣ ሁሉንም። መሐል ላይ አስታወስኩና፣

«ደሞ ገዱን አየሁት» አልኩ። «ይሄ ጉረኛ! ስጠራው ፊቱን አዞረብኝ።»

የእናቴ እጅ ማሙሽ ጀርባ ላይ ቆመ።

«የትኛው ገዱ?»

«የድረስ ጓደኛ ነዋ። ከመተማ መጥቷል። ‹ድረስስ?› ብለው ‹ሥራ አለብኝ› ብሎኝ ሮጠ።»

«መቼ ነው የመጣው?»

«እንጃ። ፀጋው ከእሑድ ጀምሮ ነው ያለው አለኝ።»

እናቴ ወደ መጋረጃው ዞረች። ገና ድልድዩን አልተሻገርኩም እኮ። እጇን ነቀነቅኳት።

«እምዬ! ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ የኔ ዓለም» አለች ቀስ ብላ። «ድልድዩ ላይ ምን አደረግሽ?»

ነዳሁላት። ያን ቀን አልሳቀችም፤ ደክሟት ነው ብዬ ድምፄን ቀነስኩ።

ሦስተኛዋ ሹፌር ሴት ነበረች፤ ቢጫ መኪና ያላት፣ ሰውን እየገፋች ወደ ገደል የምትከት ተንኮለኛ። ሦስት ቀን አሸነፈችኝ። በአራተኛው ቀን ከጀርባዬ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር ስል አባቴ ነው። አባቴ አሻግሬ! በቅሎ እየጫነ ፈረንጅ ወደ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ተራራ የሚያወጣ፣ ጌም ቤቱን «የሰይጣን ቤት» የሚል፣ ድረስን ሁለት ጊዜ በጆሮው ይዞ ከዚያ ያወጣ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አለቀልኝ ብዬ ጆሮዬን በእጄ ያዝኩ።

«ተጫወች» አለኝ። «የድረስ መኪና የትኛዋ ናት?»

«ቀይዋ ናታ፣ አባዬ።»

«እሱ ነው የቀባት?»

«አዎ! ቀለሙን እሱ ነው የመረጠው። በሩ ላይ ስሙ አለ፤ አየህ? በእንግሊዝኛ ነው።»

አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ የልጁን ስም በጣቱ ነካው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እኔም አባቴ እያየኝ እንዴት እሸነፋለሁ! ሴትዮዋ ስትገፋኝ ቀድሜ ፍሬን ያዝኩ፣ እሷ በራሷ ግፊት አልፋኝ አጥር ውስጥ ገባች፣ ቤቱ በጩኸት ተደበላለቀ። አባቴን ዞሬ ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ደስታ እንዲህ ሲያስለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት ብዬ ለዓመታት አምን ነበር።

ወዲያው ደግሞ መብራት ሄደ። ሴቭ ሳላደርግ! ያሸነፍኩት ሁሉ በጨለማው ውስጥ ቀለጠ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ «ድረስ ሊመጣ ነው! አልጨርስም! አልጨርስም!» እያልኩ ጮህኩ። አባቴ አንሥቶ አቀፈኝ፤ ከእኔ ብሶ ተንሰቀሰቀ፣ ደረቱ ሲርገበገብ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። ለአንድ ጌም ይህን ያህል ሲያዝን በጣም ገረመኝ፣ አሳዘነኝም፤ ስለዚህ ራሴ አባበልኩት። «አይዞህ አባዬ፣ ነገ እደግመዋለሁ» አልኩት። ልጆቹ በሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

ለእናቴ ያንንም ነገርኳት። «አባዬ አለቀሰ፣ ከኔ በላይ አለቀሰ!» እያልኩ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷም አብራኝ ፈገግ ብላ፣ ፀጉሬን ሠርታ ስትጨርስ፣ «እሱ እንደዚህ እንዳለቀሰ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ያፍራል» አለችኝ። «ለእኔ መንገርሽንም እንዳትነግሪው።» ምሥጢር መያዝ እወድ ነበር።

በማግስቱ ደገምኩት፣ ሴቭም አደረግኩት። ሁለተኛው፣ ወፍራሙና ባለ መነጽሩ፣ እንደ ፈራሁት አልሆነም፤ በሁለት ቀን ዋሻው ውስጥ ጣልኩት። አንድ ቀረ።

ከሰባት ዓመት በኋላም አይደለም፣ ከአሥርም አይደለም፤ የራሴን የመጀመሪያ ልጅ ጎንደር ወልጄ እናቴ ልታርሰኝ ስትመጣ ነው የጠየቅኋት። ገንፎውን እያማሰለች ነበር።

«ያኔ ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል» አለች። «አንቺ ነሻ። ገዱ ከድረስ ጋር ሄዶ ብቻውን ተመልሶ፣ የጓደኛው እናት ወልዳ ተኝታ፣ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ሳይል ሳምንት ከቆየ ሌላ ምን ይሆናል? ከዚያ ደግሞ አባትሽ።»

ያኔ ገባኝ። እየዘለልኩ፣ ሞተር እያጓራሁ፣ መርዶውን ቁራጭ በቁራጭ ጓዳዋ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ለእኔ ብለው ስንት ሰው አፉን ይዟል። ብጮህ ድካማቸው ከንቱ ነው፤ ማሙሽም ጡት ይፈልጋል። ደሞም» አለችና የገንፎውን ድስት አወረደች፣ «አንቺ ሦስት ሹፌር ቀርቶሽ ነበር።»

ክርስትናው ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን ዋለ። ጠዋት ማሙሽ ተጠመቀ፣ ማዕተቡ ታሰረለት፤ እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ከአርባ ቀን በኋላ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ፊቷ ከስቶ አየሁት። ጾም ስለሆነ ድግሱ የሽሮና የምስር ነበር፣ ጠላው ግን ሞልቷል። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ነው። ገና ስምንት ቀን ቀርቶታል። እኔ እዚህ ሰው መሐል ውሃ አስታጥባለሁ፣ የመጀመሪያው ሹፌር፣ ነጩ፣ ፊቱን አይተነው የማናውቀው፣ እዚያ ኮረብታው ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ለአምስት ቀን ሞክሬ ጭራውን እንኳን አልነካሁም።

እናቴ ጠራችኝ።

«ስንት ቀረሽ?»

«አንድ።»

«ሂጂ ጨርሺና ነይ።»

ጎረቤታችን እትዬ ጽጌሬዳ ጠላ እየቀዳች ነበር። «ምነው የሺ! በወንድሟ ክርስትና ቀን?» አለች።

«ትሂድ አልኩ» አለች እናቴ፤ ድምጿ እንደዚያ ሲቆርጥ ሰምቼ አላውቅም። «ሩጪ ስጦታ።»

ሮጥኩ! የክርስትና ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ የበግ ገበያውን ሰንጥቄ፣ መናኸሪያውን አቋርጬ ሮጥኩ። ፀጋው ሲያየኝ ሚሞሪዋን ሰካ። ዋሴ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ አጠበቀው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዋሴ አዝኖልኛል፣ ፀጋው አዝኖልኛል፣ ደባርቅ በሙሉ አዝኖልኛል። ማሽን ግን አያዝንም። ነጩ ሹፌር ወንድሜ መሞቱን አልሰማም፤ ቢሰማም ግድ የለውም። ስለዚህ ያን ቀን የሆነው የእኔ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ነጩ እንደ ጥይት ወጣ። ኮረብታውን ቁልቁል ስንወርድ ባሕሩ ከታች ያብለጨልጫል፣ እኔ የማየው ግን ሁለት ቀይ መብራቱን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አጥብቤ ያዝኩ፣ ሁለተኛውን ሳትኩ፣ የሰው አበባ ቤት ጣስኩ፣ ብርጭቆው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተበተነ። «አለቀ» አለ አንድ ልጅ። «ዝም በል!» ብሎ ዋሴ በጥፊ አለው። ፖሊስ ከኋላዬ ገባ፣ ሳይረኑ ጆሮዬን በሳኝ። ገበያው ላይ ስደርስ ነጩ ወደ ዋናው ድልድይ ታጠፈ፤ ፍላጻው እኔንም በዚያ ሂጂ ይለኛል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ! ተራ አጥቼ በቆየሁበት ጊዜ፣ አንዴ ስቀመጥ መወዳደሩን ትቼ ዝም ብዬ ስዞር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ ወደ ወደቡ የሚወርድ ደረጃ አይቼ ነበር። ለእግረኛ ነው። ታዲያ ከተማው ክፍት አይደል እንዴ? መሪውን ወደ ግራ ሰበርኩት።

«ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትሄደው?» ጮኹ ሁሉም።

ቀይዋ መኪና በዓሣ ቅርጫቶቹ መሐል ገባች፣ ጃንጥላዎቹ እንደ ቅጠል በረሩ፣ ከዚያ ደረጃው፤ ግ ግ ግ ግ ግ! ጆይስቲኩ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ተንቀጠቀጠ። ከታች ወደ ወደቡ መንገድ ስወድቅ ነጩ ከድልድዩ ወርዶ እየመጣ ነው። ጎን ለጎን ሆንን። የመጨረሻው መታጠፊያ ቀረ፤ መርከቡ አጠገብ፣ ከባሕሩ ጋር የሚያዋስነው። ነጩ ፍጥነቱን አልቀነሰም። እኔ ቀነስኩ፤ ከመታጠፊያው በፊት፣ ድረስ እንዳለኝ። አለፈኝ፣ ቤቱ በሙሉ «ወይኔ!» አለ፣ እሱ ግን መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን ያዘ፣ ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ እኔ ከውስጥ በኩል ሾልኬ ናይትሮዬን ለቀቅኩት!

አንደኛ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ዋሴ ትከሻው ላይ አወጣኝ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ፣ ፀጋው «ሴቭ! ሴቭ አድርጉ መብራት ሳይሄድ!» እያለ ይጮኻል። ሴቭ እስኪያደርግ ትንፋሼን ያዝኩ። ከተማው የእኛ ሆነ። ዋሴን የዚያን ጊዜ ቁልቁል ሳየው ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ማሸነፍ ሁሉንም ሰው የሚያስለቅስበት ዘመን ነበር።

እኔ በማልኖርበት ጊዜ ቤት ውስጥ የሆነውን እትዬ ጽጌሬዳ ናት የነገረችኝ። አባ ሀብተ ሚካኤል ማዕዱን ባርከው፣ ሕፃኑን ታቅፈው፣ የክርስትና ስሙን ከነገሩ በኋላ «የቤት ስሙንስ ማን ትይዋለሽ፣ ልጄ?» ብለው እናቴን ጠየቋት። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለማግስቱ ንጋት ቀጥረዋል፤ ዛሬ ጥቂት ትብላ፣ ትጠጣ ብለው።

«ምትኩ» አለች እናቴ።

እንዲህ ያለ ስም ለማን እንደሚወጣ የማያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ታላቁን ሞት የወሰደበት ነው ምትኩ የሚባለው። እትዬ ጽጌሬዳ ጠላው ከብርጭቆው አልፎ እጇ ላይ ሲፈስ አልታወቃትም። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። አንዷ ሴት ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናቴ እጇን አነሣች።

«ቆዩ» አለች። «ማንም እንዳያለቅስ። ልጂቱ እስክትመጣ።»

እኔ የደረስኩት ያን ጊዜ ነው። በሩን በርግጄ ገባሁ፤ ጫማዬ አንዱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ጨረስኩት! እምዬ፣ ጨረስኩት! ነጩን ቀደምኩት!»

እናቴ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ነይ ንገሪኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ። ምንም እንዳታስቀሪ።»

ነገርኳት። ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ፣ እኔ መሐል ላይ፣ መሶቡን መሪ አድርጌ ኮረብታውን ወረድኩ። አበባ ቤቱን ጣስኩ፣ ፖሊሱን ጮህኩ፣ ደረጃውን «ግ ግ ግ» እያልኩ ወረድኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አባ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ገዱ በሩ ላይ ቆሟል፤ የዛሬን እንኳን አልሮጠም። ትንፋሻቸውን የያዙት ማን እንደሚያሸንፍ ጓጉተው መስሎኝ የመጨረሻውን መታጠፊያ ሆን ብዬ አስረዘምኩት። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም።

«እንግዲህ ድረስ ይምጣ!» አልኩ።

እናቴ ጎትታ አስጠጋችኝ። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ላቤን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ፣ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀምጣ እጄን በጀርባው ዙሪያ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ አባ ሀብተ ሚካኤል ዞረች።

«ጨርሳለች» አለች። «በሉ እንግዲህ አባቴ፣ አርዱን።»